ከመኪና አደጋ በኋላ፦ ሕክምናችሁም መብታችሁም በመጀመሪያው ቀን ይጀምራሉ
(በስደተኞች የሬዲዮ የጤና ዝግጅት የቀረበ ንግግር)



ባለፉት ዝግጅቶቻችን ስለ ወባ፣ ስለ ንጹሕ ውኃና ስለ ሕፃናት ክትባት ተነጋግረናል። ዛሬ የምናነሣው የመኪናና የቦዳ ቦዳ አደጋን ነው። አደጋ የደረሰበት ሰው ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚያስፈልገው፣ በሕግ በኩልም ምን መብት እንዳለው እንመለከታለን። «የሕግ ነገር ከጤና ዝግጅት ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ አትጠፉም። ግንኙነቱ ቅርብ ነው። እግሩ ተሰብሮ ሦስት ወር የተኛ ሰው የመድኃኒት፣ የቤት ኪራይና የልጆች ቀለብ ያስፈልገዋል። ገንዘቡ ካልተገኘ ሕክምናው ይቋረጣል፤ ሕክምናው ከተቋረጠ ደግሞ ሊድን የሚችለው እግር ሽባ ሆኖ ይቀራል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ። በዩጋንዳ ደግሞ የሀገሪቱ ፖሊስ እንዳስታወቀው በ2024 ብቻ 5,144 ሰዎች በመንገድ ሞተዋል። (በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው የዩጋንዳ ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ አስቀድሞ ስለ መከላከል አንድ ነገር እንበል። በሀገራችን መኪና የሚሄደው በቀኝ በኩል ነው። በዩጋንዳ ግን በግራ ነው። ስለዚህ መንገድ ስታቋርጡ መጀመሪያ መመልከት ያለባችሁ ወደ ቀኝ ነው፤ ቀጥሎ ወደ ግራ፣ እንደገናም ወደ ቀኝ። አዲስ የመጡ ወገኖቻችን በለመዱት ዓይን ወደ ግራ አይተው ሲገቡ መኪናው ከቀኝ ይመጣባቸዋል። ለልጆቻችሁም ይህን አስተምሯቸው። ቦዳ ቦዳ ስትሳፈሩ ሄልሜት ጠይቁ፤ ሦስትና አራት ሆናችሁ አትጫኑ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት እኅታችን እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች እንበል። አንድ ቀን ጠዋት እንጀራዋን ይዛ በቦዳ ቦዳ በጋባ መንገድ ስትሄድ አንድ የቤት መኪና ከጎን ገጫቸው። እግሯ ተሰበረ። የመኪናው ባለቤት ትሑት ሰው ነው፤ አልሸሸም። ራሱ አንሥቶ ወደ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ወሰዳት፣ 150,000 ሺልንግ ከፈለላት፣ «ፖሊስ ዘንድ መሄድ ለሁለታችንም ድካም ነው» አላት። ከዚያም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት አቀረበላት፤ ፈረመች። «ደግ ሰው ነው፣ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው እንጂ እሱ ምን ያድርግ» ብላ ወደ ቤቷ ገባች። ከአንድ ወር በኋላ አጥንቱ ጠሞ ስለ ገጠመ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል ተባለች። ስትደውል ስልኩ ዝግ ነው። የፈረመችበት ወረቀት «ካሳዬን ተቀብዬ ጨርሻለሁ» ይላል። የመኪናውን ታርጋ አልያዘችም፤ ለፖሊስ አላመለከተችም፤ የክሊኒኩ ደረሰኝም የለም።

የዚህች እኅት ችግር ሕግ አለመኖሩ አይደለም። ሕጉ አለ። የጠፋው ማስረጃው ነው። የዛሬው ንግግራችን በአጭሩ ሲጠቀለል ይህ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ለጤናችሁ የምታደርጉት ነገር ለመብታችሁም ማስረጃ ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን የተተወ ግን በኋላ በብዙ ድካም እንኳ አይመለስም።

አንደኛ፦ ነፍስን ማዳን

አደጋው እንደ ደረሰ መጀመሪያ የቆሰለውን ሰው ከሌላ መኪና አደጋ ጠብቁ። ደም የሚፈሰውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑ፤ ጨርቁ ቢርስም ሳታነሡት ሌላ ደርቡበት። አንገቱን ወይም ጀርባውን አመመኝ የሚልን ሰው፣ ወይም ራሱን የሳተን ሰው፣ የባሰ አደጋ ካላስገደደ በቀር አታንሡት። ማንሣት ግድ ከሆነ አንገቱንና ጀርባውን ቀጥ አድርጋችሁ፣ ብዙ ሆናችሁ፣ ቢቻል በሳንቃ ላይ አንሡት። እጅና እግሩን ይዞ እንደ ጆንያ ማንጠልጠል የጀርባ አጥንት ነርቭን ሊበጥስና ዕድሜ ልክ ሽባ ሊያደርግ ይችላል። የተሰበረ እግርን እንዳለ በእንጨት ደግፋችሁ እሰሩ እንጂ ለማቅናት አትሞክሩ። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ስለሚችል ምግብም ውኃም አትስጡት።

የዩጋንዳ ፖሊስ የአስቸኳይ ጥሪ ቁጥሮች 999 እና 112 ናቸው። ከባድ ጉዳት የደረሰበት ሰው ወደ ሙላጎ ሆስፒታል ወይም በቅርብ ወደሚገኝ የመንግሥት ሆስፒታል፣ ለምሳሌ ወደ ናጉሩ ወይም ወደ ኪሩዱ፣ ይወሰድ። በዩጋንዳ ከ2001 ጀምሮ በመንግሥት ጤና ተቋማት፣ ከግል ክፍሎቻቸው በቀር፣ የሕክምና ክፍያ ቀርቷል፤ ስደተኞችም በዚሁ እንደ ዜጎች ይታከማሉ። እርግጥ ነው፣ መድኃኒቱ ወይም የአጥንት ብረቱ ጠፍቶ ከውጭ ግዙ የምትባሉበት ጊዜ አለ። ያኔ ደረሰኙን አትጣሉ፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እንነግራችኋለን።

«ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ብሎ ወደ ቤት መሄድ አደገኛ ነው። ራሱን የተመታ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ብቻውን አይተኛ። ደጋግሞ ማስታወክ፣ እየጠነከረ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ፣ የንግግር መንተባተብ፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ ፈሳሽ መውጣት ከታየ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይመለስ። የሆድ ሕመምና ማዞር የውስጥ መድማት ምልክት ሊሆን ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት ሕመም ባይሰማትም መመርመር አለባት። አፈር የነካው ቁስል የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ክትባት ያስፈልገዋል። ወጌሻን በተመለከተም፣ አጥንቱ ቆዳውን ቀድዶ ከወጣ፣ ወይም ጣቶቹ ከደነዘዙና ከቀዘቀዙ፣ ወጌሻ እንዲነካው አትፍቀዱ።

ሁለተኛ፦ በቦታው ላይ መያዝ ያለበት ማስረጃ

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። የቆሰለው ሰው ራሱ መጻፍ ካልቻለ አብሮት ያለው ወይም ቀድሞ የደረሰ ወገን የሚከተሉትን ይያዝ፦

የመኪናውን ወይም የሞተር ሳይክሉን የታርጋ ቁጥር፤
የአሽከርካሪውን ስምና ስልክ፣ ባለቤቱ ሌላ ሰው ከሆነም የባለቤቱን ስም፤
የኢንሹራንሱን ኩባንያ ስምና ቁጥር፤
አደጋው የደረሰበትን ቦታ፣ ቀንና ሰዓት፤
ያዩ ሁለት ሦስት ሰዎችን ስምና ስልክ፤
በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ፦ የመኪናው አቋም፣ የመንገዱ ሁኔታ፣ ጉዳቱ።

ቦዳ ቦዳ ከሆነ ነጂው የሚቆምበትን ስቴጅ ጠይቁ፤ የስቴጁ ሰብሳቢ ነጂውን ያውቀዋል። ይህን ሁሉ ማግኘት ካልተቻለ ታርጋውን ብቻ ያዙ። በታርጋው ባለቤቱን ማግኘት ይቻላል።

የዩጋንዳ የትራፊክ ሕግ አደጋ ያደረሰ አሽከርካሪ እንዲቆም፣ ስሙንና አድራሻውን እንዲሰጥና ለፖሊስ እንዲያመለክት ያዛል። አንዳንድ አሽከርካሪ ግን የሕዝብ ድብደባ ፈርቶ በቀጥታ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ሄደ ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ በአካባቢው ባለው ጣቢያ ጠይቁ። አሽከርካሪውን መደብደብም ወንጀል ነው፤ ተበዳዩን ተከሳሽ ያደርጋል።

ሦስተኛ፦ ፖሊስና ሐኪም

በተቻለ ፍጥነት፣ ቢቻል በዚያው ቀን፣ አደጋው በደረሰበት አካባቢ ላለው የትራፊክ ፖሊስ አመልክቱ። የቆሰለው ሰው ሆስፒታል ከተኛ ቤተሰቡ ወይም ጓደኛው ያመልክትለት። የመዝገቡን ቁጥር ተቀበሉና ጻፉት። ፖሊስ ለሐኪም የሚሰጠውን የጉዳት መመርመሪያ ቅጽም ጠይቁ። ሐኪሙ የጉዳቱን ዓይነትና ክብደት ይሞላበታል። በኋላም የፖሊሱን የአደጋ ሪፖርት ቅጂ ጠይቁ። ቋንቋ ከከበዳችሁ አስተርጓሚ ይዛችሁ ሂዱ፤ ያልገባችሁን የምስክርነት ቃል አትፈርሙ።

ከሐኪም የምትቀበሉትን ሁሉ፣ ራጅ፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ የመውጫ ወረቀት፣ በአንድ ፌስታል አድርጋችሁ አስቀምጡ። ዋናውን ለማንም አትስጡ፤ ኮፒውን ስጡ። በስልካችሁም ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ።

እዚህ ላይ በብዙዎቻችን ልብ ውስጥ ያለ አንድ ፍርሃት አለ። «ፖሊስ ጣቢያ ስሜ ከተመዘገበ ፕሮሰሴ ይበላሻል» የሚል። በአደጋ ተጎድቶ ማመልከት ወንጀል አይደለም። ተበዳይ ሆኖ መመዝገብና ተከሳሽ ሆኖ መመዝገብ የተለያዩ ናቸው። ዩጋንዳ በ1976 የተቀበለችው የ1951 የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 16 ስደተኛ በነፃነት ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የዩጋንዳ የ2006 የስደተኞች ሕግም ይህንኑ መብት ይሰጣል። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 ፍርድ ቤቶች ለተበደሉ ሰዎች በቂ ካሳ እንዲወስኑ ያዛል። ወረቀታችሁ ገና ያላለቀ፣ ወይም ጊዜው ያለፈበት ከሆነ፣ ዝም ከማለት ይልቅ አስቀድማችሁ የሕግ ረዳት አማክሩና አብራችሁ ሂዱ።

አራተኛ፦ ካሳው ከማን ይጠየቃል?

በሀገራችን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ፣ ኃላፊ ያደርገዋል። ብዙዎቻችን ይህን ልማድ ይዘን ስለመጣን «መኪናው የእሱ ነው፣ ይክፈል» እንላለን። በዩጋንዳ ግን ነገሩ የተለየ ነው። ካሳ የሚጠይቅ ሰው አሽከርካሪው ቸልተኛ መሆኑን ማስረዳት አለበት፦ በፍጥነት ነዳ፣ ቀይ መብራት ጣሰ፣ ስልክ እያነጋገረ ነበር እና የመሳሰለውን። ለዚህ ነው ምስክርና ፎቶግራፍ እንዲህ የሚያስፈልጉት። ተጎጂውም ጥፋት ካለበት ካሳው በዚያው መጠን ሊቀነስ ይችላል። አሽከርካሪው ተቀጣሪ ሆኖ በሥራ ላይ ሳለ ጉዳቱን ካደረሰ አሠሪውም ይጠየቃል።

በ1989 የወጣው ሕግ ማንኛውም ሞተር ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ እንዲኖረው ያስገድዳል። ቦዳ ቦዳም ከዚህ አያመልጥም። ነገር ግን በዚያ ሕግ የተቀመጠው ጣሪያ ለአንድ ሰው 1 ሚሊዮን ሺልንግ፣ ለአንድ አደጋ ደግሞ በጠቅላላው 10 ሚሊዮን ሺልንግ ነው። በቅርብ ዓመታት ምንዛሪ 1 ሚሊዮን ሺልንግ ከሦስት መቶ የአሜሪካን ዶላር ያነሰ ነው፤ ለአንድ የአጥንት ቀዶ ሕክምና እንኳ ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ ከኢንሹራንሱ የሚገኘውን ጠይቁ፤ የቀረውን ግን ከአሽከርካሪው ወይም ከአሠሪው በስምምነት፣ ካልሆነም በፍርድ ቤት መጠየቅ ይቻላል። የኢንሹራንስ ኩባንያው ያለ ምክንያት ቢያጉላላችሁ የዩጋንዳ የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ቅሬታ ይቀበላል።

ተቀጥራችሁ ስትሠሩ፣ ለምሳሌ ዕቃ ስታደርሱ፣ አደጋ ከደረሰባችሁ ደግሞ የ2000 የሠራተኞች ካሳ ሕግ አለ። በዚህ ሕግ የአሠሪውን ጥፋት ማስረዳት ግዴታ አይደለም። ነገር ግን ለአሠሪው ሳትዘገዩ በጽሑፍ አሳውቁ፤ እንቢ ካለ ወደ ሌበር ኦፊሰር ሂዱ።

አምስተኛ፦ ምን ምን ይጠየቃል?

ፍርድ ቤት ካሳን በሁለት ይከፍለዋል። አንደኛው በተጨባጭ ያወጣችሁት ወይም ያጣችሁት ገንዘብ ነው፤ የሕክምና፣ የመድኃኒት፣ የትራንስፖርት፣ የቀረ ገቢ። ይህ በደረሰኝና በመሳሰለው ማስረጃ ነጥብ በነጥብ መረጋገጥ አለበት። ሁለተኛው ለሥቃዩ፣ ለአካል ጉዳቱ፣ ወደፊት ለሚጎድለው ኑሮ ዳኛው አመዛዝኖ የሚወስነው ነው። ለዚህ የሐኪሙ ሪፖርት ወሳኝ ነው። ቋሚ ጉዳት ካለ፣ ወይም ወደፊት ሌላ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ሐኪሙ በጽሑፍ እንዲገልጽ ለምኑት።

እንጀራ የምትጋግረው እኅታችን የደመወዝ ወረቀት የላትም። ግን የምታስረክብበትን ደብተር ካስቀመጠች፣ በሞባይል መኒ የተከፈላትን መልእክት ካላጠፋች፣ ደንበኞቿ ከመሰከሩላት፣ ገቢዋን ማስረዳት ትችላለች። ስለዚህ የስልክ መልእክቶቻችሁን አታጥፉ።

ጊዜውም ገደብ አለው። በቸልተኝነት ለደረሰ የአካል ጉዳት ክስ የሚመሠረተው በሦስት ዓመት ውስጥ ነው። ጉዳቱን ያደረሰው የመንግሥት መኪና ከሆነ ሁለት ዓመት ነው። ከዚያ ካለፈ በይርጋ ይታገዳል። ሰው የሞተ እንደሆነ ጊዜው ከዚህም ሊያጥር ስለሚችል ቤተሰቡ ከኀዘኑ መካከል አንድ ሰው መድቦ ቶሎ ጠበቃ ያማክር።

ስድስተኛ፦ ሽምግልናና ፊርማ

ሽምግልና ባህላችን ነው፤ ነውር የለበትም። ፍርድ ቤት ከመመላለስም ብዙ ጊዜ ይሻላል። ነገር ግን ሐኪም የጉዳቱን ልክ ሳይናገር የሚደረግ እርቅ ዕቃውን ሳያዩ ዋጋ እንደ መቁረጥ ነው። አሽከርካሪው ለሕክምና የሚሰጣችሁን ገንዘብ ተቀበሉ፤ አትግፉ። ስትፈርሙ ግን «ይህ ገንዘብ ለሕክምና የተሰጠ ነው፣ የመጨረሻ ስምምነት አይደለም» የሚል ይጻፍበት። በማታነቡት ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት አትፈርሙ። «ነገ አስተርጉሜ እመጣለሁ» ማለት ስድብ አይደለም።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። በሆስፒታል ደጃፍ «እኔ ካሳ አወጣልሃለሁ፣ እኩል እንካፈላለን» የሚሉ ደላሎች አሉ። ራጃችሁንና የፖሊስ ወረቀታችሁን አትስጧቸው። በካምፓላ እንደ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲው የስደተኞች ሕግ ፕሮጀክትና የዩጋንዳ ጠበቆች ማኅበር የነፃ ሕግ ድጋፍ ያሉ ድርጅቶች አሉ። ሁሉም ለሁሉም ጉዳይ ጠበቃ ላይመድቡ ይችላሉ፤ ምክር ግን ጠይቁ።

በመጨረሻም፣ አደጋ የደረሰበት ሰው ሌሊት እየባነነ፣ የመኪና ድምፅ ሲሰማ እየደነገጠ፣ ከሰው እየሸሸ የሚከርምበት ጊዜ አለ። ይህ ፈሪነት አይደለም፤ ጉዳት ነው፤ ይታከማል። ለሐኪሙ ንገሩት፤ በወረቀቱም ላይ ይጻፍ። ጎረቤቶችም በበኩላችሁ ልትጠይቁ ስትሄዱ ብርቱካን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። «ታርጋውን ያዝሽ? ፖሊስ ተመዘገበ? ደረሰኙ የት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ያቺ እንጀራ ጋጋሪ እኅታችን በመጀመሪያው ቀን እንዲህ ብሎ የሚጠይቃት አንድ ሰው ብታገኝ ኖሮ፣ ዛሬ የምትለምነው ስለ ዝግ ስልክ ሳይሆን በእጇ ባለው ወረቀት የምትጠይቀው ካሳ ይኖራት ነበር።

ይህን ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ ማንበብ ለማይችል ሰው አንብቡለት። በሚቀጥለው ዝግጅታችን እስክንገናኝ፣ መንገዳችሁን ሰላም ያድርግላችሁ። ጤና ይስጥልን።